ጉዲሳ መደርደሪያ ሲመርጥ

ሲግናል አካባቢ የሚኖር ሰው የጉዲሳን ነጭ ቮልስዋገን ከማየቱ በፊት ይሰማታል። መጀመሪያ የሞተሯ ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከኋላዋ የታሰረችው ተጎታች እየተንኳኳች ትከተላለች፤ ከዚያ ነው ጉዲሳ ራሱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ጎንበስ እያለ ሰላምታ እየሰጠ የሚያልፈው። አጠገቡ ሚስቱ አባይነሽ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ ጭና ትቀመጣለች። እጇን ካነሳች ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣል።

ሥራቸው ሳር ማጨድ ነው። ጉዲሳ በኮተቤ በኩል በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ እርሻውን ቤትና አስፋልት ሲያደርገው፣ እኩዮቹ ግማሹ ዘበኛ ግማሹ ነጋዴ ሆነ። እሱ ግን ከሳር መለየት አልሆነለትም። "ከብቶቹ ሄዱ እንጂ ሳሩ መች ሄደ?" እያለ በየሰው ግቢ ማጭዱን ይዞ ይዞር ጀመር። ኋላ ማሽን ገዛ፤ ደግሞ ሌላ ገዛ፤ አሁን ሦስት ናቸው። ረጅም ዘንግ አላቸው፤ በአንድ ጫፋቸው ትንሽ የቤንዚን ሞተር፣ በሌላው ጫፋቸው ደግሞ እየተሽከረከረ ሳሩን የሚቆርጥ የናይለን ክር አለ። በትከሻ ተንጠልጥለው ነው የሚሠሩት። ስማቸውም ቦቃ፣ ዳለቻና መጋል ነው፤ የድሮ በሬዎቹን ስም ነው ያወጣላቸው። አባይነሽ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅበት ነበር። ዛሬ ግን እሷም ጎረቤት ፊት "መጋል ዛሬ አልነሳ ብሎኝ ዋለ" ትላለች፤ እንግዳ ሰው ሲሰማት ባሏን የምታማ ይመስለዋል።

ጉዲሳ ሠራተኛ ነው፣ ደግ ነው፣ ሰው አይቀየምም። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ መምረጥ ይወዳል፣ መርጦ መጨረስ ግን አይችልም። ኮፍያ ሊገዛ መርካቶ ሄዶ ባለሱቆቹን ሁሉ አድክሞ ባዶ ራሱን የተመለሰ ሰው ነው። ቮልስዋገኗን ሲገዛም ሰፈሩን አንድ በአንድ አማክሮ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ይቺን እንዳትነካት" ያሏትን መርጦ ገዛ።

እንግዲህ በዚያ ክረምት መውጫ ላይ የተጎታቿ ነገር መላ ሊበጅለት ግድ ሆነ። ሦስቱ ማሽኖች ያለምንም ማቀፊያ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመው ነበር የሚጓዙት። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ይጋጫሉ። የቦቃ መከለያ ተሰነጠቀ፤ ዳለቻ ቤንዚን እያንጠባጠበ መጣ፤ የመጋል ክር ከሁለቱም ጋር ተጠላልፎ፣ ሥራ ቦታ ሲደርሱ ሹራብ ሲፈታ እንደሚዋል ክር ሲፈታ ይዋላል።

"በሬዎችህን እንዲህ ደራርበህ ታሳድራቸው ነበር?" አለችው አባይነሽ አንድ ቀን።

ነገሩ ገባው። መደርደሪያ ያስፈልጋል።

መገናኛ አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ዳርቱ እሁድ ስትመጣ ወሬውን ሰማችና ስልኳን አወጣች። "አባዬ፣ ይሄማ ዓለም ላይ ድሮ ሶልቭ የተደረገ ፕሮብሌም ነው" አለችና ቪዲዮ ከፈተችለት። አንድ ፈረንጅ፣ ሳር የሚያጭድ ሳይሆን ሠርግ የሚሄድ የሚመስል ንጹሕ ሰው፣ ማሽኑን ይዞ ወደ ተጎታቹ ይጠጋል። በተጎታቹ ጎን ላይ የብረት መደርደሪያ አለ። ሰውየው ማሽኑን ጋደም ሲያደርገው መደርደሪያው ራሱ ያዘውና "ቀጭ" አለ።

ጉዲሳ ስልኩን ከልጁ እጅ ወሰደ። "እስኪ መልሺው።"

መለሰችለት። ቀጭ።

"እንደገና።"

ቀጭ።

"ይቺን ነው የምፈልገው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዲሳ የሚመርጠው መደርደሪያ ሳይሆን ድምፅ ሆነ።

መገናኛ አንድ የእርሻና የአትክልት መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ያለ መደርደሪያ መምጣቱን ዳርቱ አጣርታ ነገረችው። ቮልስዋገኗ በዚያ ሳምንት ፍሬኗ እየተሠራ ስለነበር፣ ጉዲሳ ቦቃን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ አባይነሽን አስከትሎ ታክሲ ተሳፈረ። ሳይለካ እንዴት ይገዛል? የቦቃ ሞተር ጉዲሳ ጭን ላይ ተቀመጠ፤ ክር ያለው ጫፉ ደግሞ ከሾፌሩ ጆሮ አጠገብ ደረሰ።

"ፋዘር፣ ይሄ ነገር ይውረድ" አለ ረዳቱ።

"ይወርዳል። አብረን ነው የምንወርደው፤ መገናኛ።"

"እንደዚያ ከሆነ የሁለት ሰው ይክፈሉ።"

"እሱ ሰው ነው እንዴ?"

"ቦታ ይዟላ!"

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አንገታቸውን አስግገው፣ "ምንድን ነው እሱ? የጦር መሣሪያ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

"ኧረ አይደለም እናቴ" አለች አባይነሽ፤ "ሳር ብቻ ነው የሚፈጀው።"

ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ተሰቅሎ ያብለጨልጫል። ሻጩ ትሑት ሰው ነበር፤ ቦቃን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ መያዣው አስጠጋው። ጉዲሳ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ድምፅ የለም። መያዣው ለወፍራም ዘንግ የተሠራ ነው፤ ቦቃ ቀጭን ሆኖበት እላዩ ላይ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ኳ አለ።

"ችግር የለውም" አለ ሻጩ እያነሳው፤ "ዘንጉን በጨርቅ ጠቅለል ያደርጉታል።"

"ጋቢ አልብሰን ልናስተኛው ነው?" አለች አባይነሽ። ቀጥላም ወደ ባሏ ዞራ፣ "ደግሞ ይሄ ከእኛ ተጎታች ይረዝማል። ለምን ተጎታቿ ውስጥ አናቆማቸውም? ብረት አስበይደን፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ አድርገን፣ ቀጥ!" አለች።

"አስብበታለሁ" አለ ጉዲሳ። አላሰበበትም።

ሲመለሱ ያገኘውን ሁሉ ማማከር ጀመረ። የሰፈሩ ባለሱቅ እንጨት ይሁን አለው፤ እንጨት ብረት አይቧጭርም። የቮልስዋገኗ መካኒክ ጣሪያዋ ላይ ይታሰሩ አለው። የቤተ ክርስቲያን ወንድም ሁሉንም ሸጦ አንድ ትልቅ የሚገፋ ማሽን ቢገዛ እንደሚሻል ነገረውና ጉዲሳ ለሁለት ቀን አላናገረውም። በመጨረሻ ሄዶ ሄዶ በያጁ ኃይለጊዮርጊስ ቤት ደረሰ።

ኃይለጊዮርጊስ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ተጎታቿን ዞር ዞር ብሎ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "ጋሼ ጉዲሳ፣ ቆመው ይሁን ተኝተው?"

"ቆመው" አለች አባይነሽ።

"ተኝተው" አለ ጉዲሳ። "ውስጧ ካቆምኳቸው የድንኳን ምሰሶ ጭኜ ለቅሶ ቤት የምሄድ ነው የምመስለው። በጎኗ ይሁን፤ ወደ ውጭ፤ አንዱ ካንዱ በላይ። ቪዲዮው ላይ እንደዚያ ነው።"

"ዘንጋቸው ከተጎታቿ ይረዝማል እኮ። ወደ ኋላ ይወጣል" አለች።

"ትንሽ ቢወጣ ምን አለበት? የሰውም እግር ካልጋ ይወጣል።"

"የኛ ሰፈር አልጋ አስፋልት ላይ አይሄድም!"

ኃይለጊዮርጊስ በባልና ሚስት መካከል ገብቶ የማያውቅ ብልህ ሰው ነው፤ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና ብረት መቁረጥ ጀመረ። ለድምፁ ግን ብዙ ደከመ። ከተጣለ የመስኮት ፍሬም ላይ መቀርቀሪያዎች ፈትቶ፣ ስፕሪንግ አስገብቶ፣ ሞርዶ፣ ቅባት ቀብቶ ገጠማቸው። ጉዲሳ ቦቃን አነሳ፤ አስጠጋው፤ ቀጭ! ዳለቻ፤ ቀጭ! መጋል፤ ቀጭ!

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሙሉ ግቢው ውስጥ ማሽኖቹን ሲያወጣና ሲያስገባ ዋለ። አመሻሽ ላይ ጎረቤት በአጥር በኩል፣ "ኦቦ ጉዲሳ፣ በሩ አልዘጋ ካለዎት ነገ መጥቼ ልይልዎት" አለው።

አዲሱን መደርደሪያ ይዘው የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ የወጡት መስቀል ባለፈ በቅዳሜው ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ ደንበኛቸው ከእንጦጦ ራጉኤል ወረድ ብሎ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ያደገው ሳር መስኮቱን ሊሸፍን ደርሷል። ከመነሳታቸው በፊት አባይነሽ ከተጎታቿ በስተኋላ ወጣ ብለው በቀሩት ሦስት ጫፎች ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች። "ቆመው ቢሆኑ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር" አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ እሱ ግን እንዲሰማ አድርጋ።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ዳገቱን ተያያዙት። ቮልስዋገኗ ዳገት ላይ አትቸኩልም፤ በሁለተኛ ማርሽ እያለከለከች፣ ሯጮች እየቀደሟት ትወጣለች። ከተማው ቁልቁል በሚታይበት አንድ ጥምዝ ላይ ሲደርሱ የሠርግ መኪኖች ዳር ይዘው ቆመዋል። ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ወርደው ባህር ዛፉ ሥር ናቸው። የሙሽራዋ መኪና ከፊት እስከ ጣሪያዋ በነጭ ሪባንና በአበባ ተሸፍናለች። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጉዲሳ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ተጠንቅቆ፣ በጎኗ ታክኮ አለፈ።

"አለፍኩ!" አለ።

ያለፈው ግን እሱ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ከወጡት ጫፎች አንዱ፣ የዳለቻ መሆኑ ኋላ ታውቋል፣ ከሪባኑ አንዱን ክር ያዘ። ሪባኑ ወደ ሌላው ሪባን፣ ሌላው ወደ አበባው፣ አበባው ወደ ጣሪያው የተያያዘ ነው። ቮልስዋገኗ ቀስ እያለች ስትሄድ የሙሽራዋ መኪናም ቀስ እያለች ተገፈፈች።

ጥቂት ራቅ ብሎ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ። ቮልስዋገኗን ባዩ ጊዜ ሁሉም ብድግ ብለው፣ "እልልልል!" አሉ።

ጉዲሳ ፊቱ በራ። "አየሽ? መደርደሪያውን እኮ ነው።"

"ለመደርደሪያ እልል ይባላል?"

"ጥሩ ነገር የሚያውቅ ሰው ይላል።"

ቀጥሎ ያገኟቸው እንጨት ሻጮችም እልል አሉ። ሯጮቹ አጨበጨቡ። ከኋላቸው የመኪና ጥሩንባ ይጮኻል፤ ጉዲሳም ደስታ መስሎት የራሱን ጥሩንባ እየነፋ መለሰ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ከፍ አድርገው፣ "ወልዳችሁ ክበዱ!" ብለው መረቁ።

አባይነሽ እጇን ከዳሽቦርዱ አነሳች። ዳሽቦርዱ ተንቀጠቀጠ። "ጉዲሳ፣ መደርደሪያ አይወልድም። ቁም።"

ገና ዳር ሳይዝ አንድ መኪና ቀድሞት ፊቱ ቆመና ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ላብ ያጠመቀው ሚዜ ዘሎ ወረደ። ስሙ ባሮክ እንደሆነ በኋላ ሲተዋወቁ ነው የነገራቸው። ያኔ ግን መተዋወቂያ ጊዜ አልነበረም።

"ጋሼ! አበባችንን ይዘውብን ሄዱ እኮ!"

"የምን አበባ?" አለ ጉዲሳ፤ ወርዶም ወደ ኋላ ዞሮ አየ።

ተጎታቿ ሙሽራ ሆናለች። ቦቃ አንገቱ ላይ ጽጌረዳ፣ መጋል ነጭ ሪባን፤ ዳለቻማ ከነጭራሹ አይታይም። ከኋላቸው እስከ ጥምዙ ድረስ ሪባኑ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። ጉዲሳ ደንግጦ አፉን ያዘ። ቀጥሎ እጁን ሰደደና መቀርቀሪያዎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ።

"አንዱም አልተከፈተም!" አለ።

"ምን?" አለ ባሮክ።

"ይሄን ሁሉ ጎትቶ ቀጩ አልለቀቀም።"

አባይነሽ ባሏን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት መጣች። "ይቅርታ አድርግልን ልጄ። ጥፋቱ የኛ ነው። ና፣ እንመልስ።"

ሪባኑን እየጠቀለሉ፣ የተረፈውን አበባ እየለቀሙ ወደ ጥምዙ ተመለሱ። የሙሽራዋ መኪና ማጣበቂያ ፕላስተር ብቻ ቀርቶባት፣ ፀጉሯን ግማሽ ተላጭታ እንደቆመች ሴት ሆናለች። የሙሽራዋ አክስት አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ይላሉ። ሙሽራዋ ጵርስቅላ ግን ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛ ታያለች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ገና አልለየላትም።

የአበባው ግማሽ አስፋልት ላይ ተፈጭቷል። አባይነሽ ዙሪያዋን አየች። ከመንገዱ በላይ ያለው ገደላ ገደል በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። "በዚህ እንሞላዋለን" አለች። "ጉዲሳ፣ አበባ አምጣ።"

ጉዲሳ ለመካስ ቸኩሏል። ቦቃን ከመቀርቀሪያው አላቀቀ፣ ትከሻው ላይ አንጠለጠለ፣ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ተነሳ። አደዩ መካከል ገብቶ ወዲያና ወዲህ አለው። ሞተሩን አጥፍቶ ጎንበስ ሲል፣ በእጁ የገባው የደቀቀ ቢጫ ነገር ብቻ ነበር። ሱሪው፣ ጢሙ፣ አጠገቡ የቆመው ባሮክ የለበሰው ሱፍ ሁሉ ቢጫ ሆነ።

"አበባ ነው ያልኩህ ወይስ ጎመን ክተፍ?" አለች አባይነሽ።

ጵርስቅላ የሳቀችው ያኔ ነው። እንዲያው ቀሚሷን ለቃ፣ የአክስቷን ትከሻ ይዛ እስኪያንፈራፍራት ሳቀች። እሷ ስትስቅ ሙሽራው ሳቀ፤ ሙሽራው ሲስቅ ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ዳገቱን ወጡና አደይ በእጃቸው ይለቅሙ ጀመር። አባይነሽ የማሽኖቹን መለዋወጫ የናይለን ክር አውጥታ አበባውን ከሪባኑ ጋር እያሰረች መኪናዋን እንደገና አለበሰቻት። እውነቱን ለመናገር እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ከሩቅ ሲያዩት መኪናዋ የሳር ክምር የፈረሰባት ትመስላለች። አክስቲቱ "ከብት እንዳይበላው ነው የምፈራው" አሉ። ጵርስቅላ ግን "ተዉት፣ ወድጄዋለሁ" አለች፤ ፎቶ አንሺውም ከዚያ ቀን ፎቶዎች ሁሉ የወደደው ባሮክ ቢጫ ሱፉን ለብሶ የቆመበትን ነው።

ሲሰነባበቱ ጵርስቅላ ወደ ተጎታቿ ጠጋ ብላ መቀርቀሪያውን በጣቷ ነካችው። ጉዲሳ ዳለቻን አውጥቶ አስገብቶ አሳያት።

"ቀጭ ይላል!" አለች።

"ይላል አይደል?" አለ ጉዲሳ። ይሄን ነገር የሚረዳው ሰው ገና ማግኘቱ ነው።

"በጣም ያምራል። ግን ጋሼ፣ ለምን ውስጥ አያቆሟቸውም? ቀጥ ብለው ቢቆሙ ወደ ኋላ አይወጡም ነበር።"

ጉዲሳ ቆም ብሎ አሰበ። ተጎታቿን አየ፣ ማሽኖቹን አየ። ፊቱ ላይ ብርሃን ፈነጠቀ። "እውነትሽን ነው እኮ ልጄ! እንዴት እስከ ዛሬ ማንም ይሄን አላሰበም?"

አባይነሽ ሄዳ መኪና ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። የቮልስዋገኗ በር በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ግቢ ዘግይተው ደረሱ። የዚያን ዕለት አባይነሽ መጋልን ይዛ እንዴት እንዳጨደች፣ ሴትዮዋ ራሳቸው ሻይ ይዘው ብቅ ብለው አይተው፣ "ዛሬስ አባይነሽ ምን ነካት? ሥሩንም እንዳትነቅለው" ብለው ተመለሱ። ጉዲሳ በበኩሉ በሌላው ጥግ ሲያጭድ፣ ስለ ሙሽራዋ ሐሳብ እያሰበ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር።

ቁልቁል ሲመለሱ ጉዲሳ ወሬ ጀመረ።

"ያቺ ልጅ ጭንቅላት አላት" አለ።

"አላት" አለች አባይነሽ። "እኔ ምላስ ብቻ ነው ያለኝ።"

ጉዲሳ ይህን እያመነዠከ ጥቂት ነዳ። ፈረንሳይ ሊደርሱ ሲሉ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። "ቆይ እስቲ... አንቺም እንደዚህ ያለ ነገር ብለሽ ነበር እንዴ?"

"ብዬ ነበር።"

"መቼ?"

"መገናኛ ሱቁ ውስጥ። ኃይለጊዮርጊስ ቤት። ጨርቁን ሳስር ጠዋት። ማታ ማታ አልጋ ላይ።"

ጉዲሳ ዳር ይዞ ቆመ፤ ሞተሩንም አጠፋ። ከዚያም ከልቡ፣ እንደሚመሰክር ሰው ሆኖ፣ "እንግዲያው ሁለታችሁም ካላችሁማ ትክክል ነው ማለት ነው" አለ።

አባይነሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ጢሙ ላይ የቀረውን ቢጫ ቅጠል በጣቷ አነሳችለትና፣ "አስነሳው በል፣ እንሂድ" አለችው።

ሰኞ ኃይለጊዮርጊስ የጎኑን መደርደሪያ በግራይንደር ቆረጠና ብረቱን ወደ ውስጥ አዙሮ አቁሞ በየደው። መቀርቀሪያዎቹ እንዳሉ ተዛወሩ። አሁን ሦስቱ ማሽኖች ጭንቅላታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ፣ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ክራቸው አይጠላለፍም፤ ቤንዚን አያንጠባጥቡም። አባይነሽ በመንገድ ላይ የማንንም የተዝረከረከ ግቢ ስታይ፣ "እኛ እኮ አሁን ተደራጅተናል" ትላለች።

ኃይለጊዮርጊስ ብረቱ እንዳይዝግ ለጊዜው ቀይ መደብ ቀለም ቀብቶት ነበር፤ የላዩን ቀለም ጉዲሳ መርጦ እንዲያመጣ ተነጋገሩ። አረንጓዴ ከሳሩ ጋር ይሄዳል፤ ነጭ ከመኪናዋ ጋር ይሄዳል፤ ባለሱቁ ደግሞ ሰማያዊ ይላል። ጉዲሳ እስካሁን እየጠየቀ ነው፤ መደርደሪያውም እስካሁን ቀይ ነው።